ተመላሹን የሚቀጣ ቪዛ

የቪዛ ሕግ ጠበቀ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ከአገር ለመውጣት የቋመጠ ወጣት ነው። በሩ የተዘጋው ሄዶ በሚቀረው ላይ ይመስላል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ አውሮፓና አሜሪካ በኢትዮጵያውያን ላይ ያወጧቸውን ደንቦች አንድ በአንድ ላነበበ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዱላው በዋናነት ያረፈው በሚመለሰው ሰው ላይ ነው፤ ልጁን ጠይቆ፣ ጉባኤውን ተካፍሎ፣ ቅዳሴውን ቀድሶ ወደ ቤቱ በሚገባው ላይ።

ከአውሮፓ እንነሳ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን በሚሰጠው የሸንገን ቪዛ ላይ አራት ነገር ቀየረ። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ። ሁለተኛ፣ ኤምባሲዎች ለሚያውቋቸው ተጓዦች አንዳንድ ማስረጃዎችን ይተዉላቸው የነበረው ነገር ተከለከለ። ሦስተኛ፣ የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙ ሰዎችም የቪዛ ክፍያ እንዲከፍሉ ሆነ። አራተኛ፣ ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ።

ምክንያቱ ምን ነበር? የኅብረቱ ክስ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመቀበል በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። ሁለቱ ወገኖች በዚህ ላይ በ2010 ዓ.ም. የአሠራር ስምምነት ነበራቸው። ክሱ ትክክል ነው ቢባል እንኳ ጥፋተኛ የተባሉት ሁለት ናቸው፤ ያለ ፈቃድ የቀረው ሰውና አልቀበልም ያለው መንግሥት። ቅጣቱን የተቀበለው ግን ሦስተኛ ወገን ነው፤ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ በሕጋዊ መንገድ የወጣው። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

የአውሮፓው ደንብ ክፉ ጎኑ ከክፍያውም ከቀኑም በላይ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የሰውን የመመለስ ታሪክ ዋጋ ያሳጣል። ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር ጥናት የሚሠራ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህር አምስት ጊዜ ሄዶ አምስቱንም ጊዜ በቀኑ ቢመለስ፣ በስድስተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው ቀን ሙሉ ዶሴ ተሸክሞ ይቀርባል። በውጭ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ለክብረ በዓል የሚጠሩት የጎጃም መሪጌታም እንደዚያው ነው። ከአዲስ አበባ እየተነሳ በየወቅቱ አውሮፓ የሚሮጥ አትሌትም ለእያንዳንዱ ውድድር አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል። ታማኝነት እንደ ቁጠባ ነው፤ ሰው በየጉዞው ጥቂት ጥቂት ያጠራቅመዋል። ደብተሩ በየጊዜው ከተቀደደ ግን ለምን ያጠራቅማል?

አሜሪካ ከዓመት በኋላ ተከተለች። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግሉና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡ ሆኑ። በዚያው ቀን ናይጄሪያ፣ ጋናና ካሜሩንም ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳቸው። ከዚያ ቀን በፊት የተሰጠ ቪዛ ጊዜው እስኪያልፍ እንደጸና ይቆያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ሦስት ወር ማለት አሜሪካ መቆየት የሚቻለው ሦስት ወር ነው ማለት አይደለም። ቪዛው ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ መግባት የሚቻልበት ጊዜ ነው። የሚቆዩበትን ቀን የሚወስነው በመግቢያ ያለው መኮንን ሲሆን ለጎብኚ እስከ ስድስት ወር ሊሰጥ ይችላል። እንግዲህ ደንቡ የቆይታውን ርዝመት አልነካም። የነካው ወጥቶ መመለስን ነው።

ይህ በሰው ኑሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ከደብረ ማርቆስ ዳር የምትኖር አንዲት እናት በዓይነ ህሊናችሁ ሳሉ። እንዲህ ያሉ እናቶች በከተማው ጥቂት አይደሉም። ባሏ ሞቷል፤ ያለቻትን ጥቂት ቃዳ መሬት በእኩል ታሳርሳለች። ልጇ ቨርጂኒያ ናት፤ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። እናት በሶውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ሸክፋ አራስ ልጇን ለመንከባከብ ትነሳለች። ብዙ ጊዜ በሚያስገባው ቪዛ ቢሆን ስሌቱ ቀላል ነበር። ለአራስነቱ ትሄዳለች፣ ጤፉ ሲሰበሰብ ትመለሳለች፤ የቪዛው ጊዜ ካላለፈ ለክርስትናው ወይም ልጁ ዳዴ ሲል እንደገና ትሄዳለች።

አሁን እያንዳንዱ ጉዞ ከዜሮ ይጀምራል። ለማመልከቻ ብቻ 185 ዶላር ይከፈላል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ለቃለ መጠይቅ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ መውረድ አለ። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የመንገዱን ነገር ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም። ሦስት ወር የምትቆይ ቪዛ መንገድ በሚዘጋበት አገር ለታመመ ወይም ለቅሶ ለገጠመው ሰው ሳትሠራ ልታልፍ ትችላለች።

በመስኮቱ ፊት ስትቆም የሚገጥማት ጥያቄም ከባድ ነው። የአሜሪካ ሕግ ማንኛውንም ጎብኚ፣ ተቃራኒውን ካላስረዳ በቀር፣ ሊቀር እንደመጣ ሰው ይገምተዋል። ጠያቂው ከአገሩ ጋር ያለውን ገመድ ማሳየት አለበት። የእኒህ እናት ገመድ እድሯ ነው፤ ሰንበቴዋ ነው፤ ላሞቿ ናቸው፤ የባሏ መቃብር ያለበት ደብር ነው። ከእነዚህ አንዱም በባንክ ሒሳብ መግለጫ ላይ አይወጣም። እስካሁን ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ጠንካራው ማስረጃ አንድ ነበር፤ ባለፈው ሄጄ ተመልሻለሁ ማለት።

እናም ቨርጂኒያ ከደረሰች በኋላ የመመለሻዋ ቀን ሲቃረብ ልጇ ምን ትላታለች? «እማዬ፣ አሁን ከወጣሽ ዳግመኛ መቼ እንደምትመጪ አናውቅም፤ ትንሽ ቆዪ» ነው የምትላት። ይህች «ትንሽ ቆዪ» ከተፈቀደው ቀን ስታልፍ እናትየዋን ሕግ ተላላፊ ታደርጋታለች። ያለ ደንቡ ግን ቃሏ ባልተነገረ ነበር። በቋሚነት ልውሰድሽ ብትላትም ያም መንገድ ቆሟል። አሜሪካ ከጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገራት ዜጎች የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ መስጠቷን አቋርጣለች።

የተማሪው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አሜሪካ ለትምህርት የገባ የጎጃም ልጅ፣ ቪዛው ካስገባው በኋላ ጊዜዋ ብታልፍም ትምህርቱን በደንቡ እየተከታተለ እስካለ ድረስ በሕጋዊነት ይኖራል። አባቱ የሞተ ዕለት ግን ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል። ለለቅሶው መጥቶ አዲስ ቪዛ በመጠየቅ ትምህርቱን ለዕድል መስጠት፣ ወይም እዚያው ሆኖ በስልክ ማልቀስ። ለቅሶ መድረስ ትልቅ ዕዳ በሆነበት አገር፣ ለአርባውም ለተዝካሩም ያልደረሰ ልጅ ከወገኑ ጋር ያለው ገመድ ይላላል። የውጭ መንግሥታት ተማሪዎች ተመልሰው አገራቸውን ያገልግሉ ይላሉ፤ ደንባቸው ደግሞ ለአባቱ ቀብር የመጣውን ያስፈራራዋል።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጎጃም ደጋ ወጣቱ የራሱን እርሻ ካረመ በኋላ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ሲወርድ ኖሯል። ገንዘቡን ይዞ ለራሱ አዝመራ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይወርዳል። አንድ ቀን «ከዚህ ከወጣህ ዳግመኛ አትገባም» ቢባል ምን ያደርጋል? ሥራ የሚፈልገው ሰው እዚያው ይቀራል፤ ሚስቱንም ያስመጣል።

በዓለም የሆነውም ይኸው ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 የውጭ ሠራተኛ መቅጠር ስታቆም ብዙ ቱርኮች ከወጣን አንመለስም ብለው ቀሩ፤ ቤተሰባቸውንም ወሰዱ። አሜሪካም ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሜክሲኮን ድንበር እያጠበቀች ስትሄድ፣ በየወቅቱ ይመላለሱ የነበሩ ሠራተኞች መመለሱን እየተዉ ሄዱ፤ ያለ ፈቃድ የሚኖረው ሕዝብም በዛ። በሩ ሲጠብ ውስጥ ያለው ሰው መውጣት ይፈራል።

ማንኛውም አገር ማን በሩን እንደሚያልፍ የመወሰን መብት አለው። ቪዛ ይዘው ሄደው የቀሩ ኢትዮጵያውያን መኖራቸውም አይካድም። ጥያቄው ማን ይቀጣ የሚለው ነው። አጥፊውን ለይቶ የሚቀጣ ሕግ ድሮም አለ። አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ከ180 ቀን የበለጠ የቆየ ሰው ከወጣ በኋላ ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይገባ ይከለከላል። ይህ ሕግ የሚናገረው ስላጠፋው ሰው ነው። አዲሶቹ ደንቦች የሚናገሩት ስለ ፓስፖርቱ ቀለም ነው።

የራስን ደጅም ማየት ደግ ነው። ዋሽንግተን የቪዛዋን ዘመን የምትወስነው ሌሎቹ ለዜጎቼ የሚሰጡትን አይቼ ነው ትላለች። የኢትዮጵያ የኦንላይን የቱሪስት ቪዛ ደግሞ በአብዛኛው የ30 ወይም የ90 ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። ይህን ማሻሻል የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለድርድርም መነሻ ይሆናል። ኢትዮጵያ ተመላሽን ማክበር እንደምትችል አስቀድማ አሳይታለች። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተፈቀደው መታወቂያ፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ተጨማሪ ፈቃድም ያኖራል። የአያቱን አገር ለማየት ደብረ ማርቆስ የሚመጣ የውጭ ዜጋ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይወጣል። አያቲቱ ወደ እሱ ስትሄድ ግን ይህ ዕድል የላትም።

ደንቡ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጋና ከተመሳሳይ ውሳኔ ለመውጣት የፈጀባት ሦስት ወር እንኳ አልሞላም፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ቪዛዋ ተመለሰላት። በዚያው ሰሞን ጋና አሜሪካ ያባረረቻቸውን የሌሎች ምዕራብ አፍሪካ አገራት ሰዎች መቀበል ጀምራ ነበርና ዋጋውን አንባቢ ይመዝን። ጋምቢያም ከአውሮፓ ተመሳሳይ ቅጣት ደርሶባት ክፍያዋ ወደ 120 ዩሮ ከፍ ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ጭማሪው ተነሣላት።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከብራሰልስና ከዋሽንግተን ጋር ሲቀመጥ ይዞት ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ሁሉንም በር ክፈቱ ማለት አይጠበቅበትም። በቀኑ ገብቶ በቀኑ የወጣ ሰው ታሪኩ ይቆጠርለት፤ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛ ቢያንስ ለእሱ ይመለስለት። ያለ ፈቃድ የቀሩ ዜጎችን ስለ መቀበል ምን እንደተስማማና ምን እንዳልተስማማም ለሕዝቡ ይንገር፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሕዝቡ ነውና። የሚመለስ ሰው እንዲኖር የሚፈልግ መንግሥት፣ እዚህም ሆነ እዚያ፣ መመለስን ከመቅረት የሚያዋጣ ማድረግ አለበት። አሁን ያለው ደንብ የሚያዋጣውን መቅረት አድርጎታል።