ረቂቄን ይዤ ወደ መተማ

ጎንደር ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ስለሚሠራ፣ ጠዋት በምገባበት ሳምንት ከሰዓት በኋላው፣ ከሰዓት በምገባበት ሳምንት ደግሞ ማለዳው የልብ ወለዴ ነው። እንዲህ ሲባል ግማሽ ቀን በእጄ ያለ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪ የያዘ መምህር የሚያርመው ድርሰት፣ የሚሞላው ቅጽ፣ የሚቀመጥበት ስብሰባ ያንን ግማሽ ቀን ቀድመው ይጨርሱታል። እኔ የምጽፈው በትራፊው ነው።

የመጀመሪያ መጽሐፌ ነው፤ የጻፍኩትም ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ለዚህ ዕድሜ በአማርኛ መደርደሪያ ላይ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ተረቱ ለሕፃን፣ ልብ ወለዱ ለአዋቂ ይጻፋል፤ መሐል ላይ ያለው ልጅ ወይ የታናሹን ያነባል ወይ የታላቁን ተደብቆ ያነባል። የእኔ ገጸ ባሕርይ ከበለሳ ተነሥቶ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ የሚወርድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆችን አውቃለሁ። መስከረም ላይ ስማቸውን እጠራለሁ፣ «የለም» ይሉኛል፣ «የት ሄደ?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሰሊጥ!» ይላል። የሚወርዱበትን አገር ግን በዓይኔ አላየሁትም ነበርና በ2015 የግማሽ ዓመት እረፍት፣ የፈተናውን ውጤት አስገብቼ እንደጨረስኩ፣ ረቂቄን በላስቲክ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ

አዘዞን ካለፉ በኋላ እስከ አይከል ድረስ አገሩ ያው ደጋ ነው፤ ጋቢ የለበሰ ሰው፣ የጤፍ ገለባ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ። ከአይከል ወዲያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ። ቁልቁለቱን መጀመሪያ የሚያውቀው ጆሮ ነው። ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ሹራቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር።

ከዚያ የእጣን ዛፉ መጣ። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ሙጫው የሚለቀመው ግን ልክ በዚህ ወራት ነው። ልጡን በስሱ ይፍቁታል፣ ነጩ ሙጫ ወጥቶ ይረጋል፣ ያንን ለቅመው ቁስሉን ትንሽ አስፍተው እንደገና ይፍቁታል። እረፍት ያልተሰጠው ዛፍ ይዳከማል፣ ዘሩም ያንሳል። (ይህን ስጽፍ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ትዝ አለኝ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።)

አጠገቤ የተቀመጡ አባት ማስታወሻ ስይዝ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው ጠየቁኝ።

«ምን ትጽፊያለሽ ልጄ?»

«ለሰሊጥ ሥራ ስለሚወርዱ ልጆች ነው አባቴ።»

«እንግዲያውስ ካላዛርን ጻፊ። ወባን ሁሉም ያውቃታል። ያችኛዪቱ ናት ልጁን እቤቱ ከገባ በኋላ የምትጥለው።»

ያሉት ልክ ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትኖራለች። ቀን ሲያርም የዋለ ሠራተኛ ሌሊቱን እዚያው ዛፍ ሥር፣ ያለ አጎበር ያድራል። ትኩሳቱ ለሳምንታት ይዘልቃል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ አብጦ ሆድ ይነፋል፤ ካልታከመች ትገድላለች። በ1997 በሊቦ ከምከም ደጋ ላይ ወረርሽኝ ሆና ስትነሣ፣ ወደዚያ የደረሰችው ከሁመራና ከመተማ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች በኩል እንደሆነ ይታመናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ ብቻ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። በየቀኑ በአጠገቡ የማልፍ ሰው፣ ነገሩን ከሚኒባስ ወንበር ላይ ሰማሁት።

ገንዳ ውሃ

የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ሰው ሸህዲም ይላታል። ባጃጁ፣ አቧራው፣ የቆርቆሮው ሙቀት፣ የእህል መጋዘኑ። የካቲት ላይ ሰሊጡ ተወቅቶ ስላለቀ ከተማዋ ደክሟት የተቀመጠች ትመስላለች። ለወቅቱ ሥራ ብቻ የወረደው ሞፈር ዘመት ወደ አገሩ ተመልሷል፣ የቀረው ዓመት ከዓመት እዚሁ የሚከርመው፣ ሰሉግ የሚባለው ሠራተኛ ነው።

አንድ የሒሳብ መምህር አገኘሁ፤ የጋራ ወዳጅ ነው ያገናኘን። ቡና እየጠጣን የሰሊጡን ዓመት በትምህርቱ ዓመት ላይ ደርቦ አሳየኝ። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ይዘራል። ሐምሌና ነሐሴ ይታረማል፤ ይህ ከክረምት እረፍት ጋር ስለሚገጥም ልጁ ለደብተርና ለጫማ ብሎ ቢወርድ ማንም አይፈርድበትም። ጣጣው አጨዳው ነው። የሰሊጥ ፍሬ ሲደርስ ቋቱ ከአናቱ ይከፈትና ዘሩን መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ ስለዚህ ከመከፈቱ በፊት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በእጅ መታጨድ አለበት። ሁሉም ባለማሳ ሰው የሚፈልገው በአንድ ጊዜ ስለሆነ የቀን ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። ያ ጊዜ ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው፣ እኛ ስም ስንጠራ።

«ልጁ መስከረም አንድ ላይ ሊመለስ ነበር፣» አለኝ መምህሩ። «ሰሊጡ ግን ‹ትንሽ ቆይ፣ እጥፍ እከፍልሃለሁ› ይለዋል። አንቺ ብትሆኚ ትመለሻለሽ?»

መልስ አልሰጠሁም። እሱም አልጠበቀም፤ ወሬውን ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አዞረው። የዚያን ሰሞን ሁለት መምህራን ተገናኝተው ስለ ሌላ ነገር ማውራት አይችሉም ነበር። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ፣ ጥር ላይ በወጣው ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። «አሁን ‹ተማር› ስለው ምን ይለኛል መሰለሽ? ‹ቲቸር፣ ከመቶ ሦስቱ ውስጥ ልግባ ነው?›»

ለወጣት የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ልጁን ቀጥቶ ማስመለስ ነው፤ ካላዛር ይዞት ወይ ገንዘቡን ተዘርፎ፣ እያለቀሰ ወደ ክፍሉ ይገባል። አስተማሪነቴ ይህን ይወድዳል። በረቂቄም መጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሁለተኛው የልጁን ስሌት በቅንነት መቁጠር ነው። የሒሳብ መምህሩ ካነጋገረኝ በኋላ የመጀመሪያውን መጨረሻ መጻፍ የማይቻል ሆነብኝ። ይህ ልጅ ሞኝ አይደለም፤ የሚያየውን ደምሮ ቀንሶ ነው የወረደው። መጽሐፉን የሚያነበውም እሱው ከሆነ፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ ስብከት ከሸተተው ይዘጋዋል።

በማግሥቱ ሻይ ከምትሸጥ ልጅ ጋር ተዋወቅሁ። አሥረኛ ክፍል ናት፣ በእረፍቱ አክስቷን ታግዛለች። ምን እንደምሠራ ስነግራት «ላንብበው ቲቸር?» አለች። ሦስት ምዕራፍ ሰጠኋት። ውኃ እስኪፈላ፣ ደንበኛ እስኪሄድ፣ ብርጭቆ እስኪታጠብ፣ እንዲያ በቁርጥራጭ ጊዜ አነበበችው። እኔም የጻፍኩት በቁርጥራጭ ጊዜ ነውና ንባቧን በእኩያ ዓይን ነበር የማየው።

«ጥሩ ነው ቲቸር፣» አለች ስትመልስልኝ። «ግን እኛ የለንበትም።»

«እናንተ ማናችሁ?»

«ሻይ የምናፈላው። ወጥ የምንሠራላቸው። ልጁ እኮ ሲበላ ተጽፏል፤ ማን እንዳበሰለለት ግን የለም።»

ቀጥላ ነገረችኝ፤ አጨዳ ሲደርስ ሴቶቹ ልጆችም ከክፍል እንደሚቀሩ፣ እንዲያውም ከወንዶቹ ቀድመው፣ ግን ከከተማው ስለማይወጡ ማንም «ሰሊጥ ሄዱ» እንደማይላቸው። ዝምታቸው በስም መጥሪያው ላይ እንኳ አልተለየም። አርታኢ ቢኖረኝ ይህን ይነግረኝ እንደሆነ አላውቅም። ይህችን መሳይ አንባቢ የምታገኘው አስተማሪ ሆነህ ነው፤ ወይም እንደ አስተማሪ የመጠየቅ አመል ካለህ።

መተማ ዮሐንስ

ከገንዳ ውሃ በኮኪት በኩል ድንበሩ ድረስ ሜዳ ነው። መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 እዚህ ከማሕዲስቶች ጋር ሲዋጉ ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ለፈተና ይሸመድዱታል። ቦታው ላይ ስቆም ያየሁት ግን ድልድይ፣ ጉምሩክ፣ የጭነት መኪና ሰልፍ፣ ቶብ የለበሱ ሴቶች፣ በዐረብኛና በአማርኛ የሚደራደር ገበያ ነው። ማዶው የሱዳን ገላባት ነው፣ ከዚያ ገዳሪፍ። የድንበር ልጅ በሁለት ገንዘብ ይቆጥራል፣ በሁለት ቋንቋ ይሳደባል።

ይህ መንገድ ለወጣቶች በተጻፉ ልብ ወለዶች ውስጥ ገብቷል፣ በእንግሊዝኛ። ሶንያ ሌቪቲን በ1980 ዓ.ም ገደማ «ዘ ሪተርን» የሚል መጽሐፍ አሳተመች፤ ከኢትዮጵያ ተነሥታ በእግሯ ወደ ሱዳን የምትሄድ የቤተ እስራኤል ልጅ ታሪክ ነው። በ1990 ገደማ ጄን ከርትዝ «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ»ን ጻፈች፤ አንዷ ቅማንት፣ አንዷ ዓይነ ስውር ቤተ እስራኤል የሆኑ ሁለት ልጃገረዶች በዚያው ስደት ጓደኛ ይሆናሉ። ሌቪቲን በልጅነቷ ከናዚ ጀርመን የሸሸች፣ ከርትዝ ደግሞ ልጅነቷን ማጂ ያሳለፈች ናት። ሁለቱም አስተማሪዎች ነበሩ። በዚያ የስደት መንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ቤተ እስራኤል እንደሞቱ ይገመታል። ሁለቱንም መጻሕፍት ወድጃቸዋለሁ። ነገር ግን መንገዱ ዳር የተወለደው ልጅ ስለ መንገዱ የሚያነበው በሰው ቋንቋ መሆኑ ያስቆጫል።

ማታ በአልጋዬ ላይ፣ አጎበሩ ውስጥ፣ ላብ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ፎጣ አንጥፌ ጻፍኩ። የሥራና የብዕር ጥያቄ በእኔ አልተጀመረም። ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው አስተምረዋል፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ግን በአምባሳደርነት ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን በ1962 ሲያወጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። አቤ ጉበኛ ሥራውን ትቶ በብዕሩ ብቻ ለመኖር ቆረጠ፤ ምን ያህል እንደተፈተነ የምናውቀው ነው። እኔ እንደ አቤ ደፋር አይደለሁም። ከዚያም በላይ፣ ክፍሌን ብተወው የምጽፍለትን ልጅ ማየት አቆማለሁ። ስለዚህ «ማስተማር ጊዜዬን በላው» የሚለውን እሮሮ ለጊዜው ትቼዋለሁ። እውነት ነው፣ ግን ዋናው ችግር አይደለም።

ዋናው ችግር መጽሐፉ እዚህ አለመድረሱ ነው። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በነበረበት ዘመን ረቂቅ ተቀብሎ፣ አርሞ፣ አሳትሞ የሚያከፋፍል አካል ነበር፤ የሳንሱሩን ነገር የታገደው ልብ ወለድ «ኦሮማይ» ይመስክር። ዛሬ አብዛኛው ጀማሪ ደራሲ በራሱ ገንዘብ ያሳትማል፣ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ለአዟሪና ለመጻሕፍት መደብር ያድላል። ያናገርኩት ማተሚያ ቤት በዚያን ጊዜ በሰጠኝ ስሌት የእኔ መጽሐፍ ከ300 ብር በታች ሊሸጥ አይችልም ነበር። ሻይ የምታፈላዋ ልጅ አትገዛውም። በገንዳ ውሃም በመተማም ልብ ወለድ የሚሸጥ መደብር ፈልጌ ያገኘሁት ደብተርና እስክሪብቶ፣ የፈተና መለማመጃና የጸሎት መጻሕፍት ነው።

ይህን ማስታወሻ ያጸዳሁት በዚያው ዓመት በሰኔ ነው። ከተመለስኩ በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ቅዳሜ ሥዑር ዕለት፣ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያው ድልድይ አልፈው መተማ ገቡ። ረቂቁ ላይ ሻይ የምታፈላ ልጅ ጨምሬአለሁ፣ መጨረሻውን ቀይሬአለሁ፣ ጦርነቱን ግን አላስገባሁም። እሱን እዚያው ያለ ሰው ቢጽፈው ይሻላል።

መጽሐፍ ላሳተማችሁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ከእትማችሁ አምስት ቅጂ ቀንሱና በገንዳ ውሃ፣ በመተማ ዮሐንስ፣ በኮኪት ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ላኩ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ከጎንደር መናኸሪያ በየቀኑ መኪና ነበር። የምትልኩት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከአጨዳው በፊት።