የአንድ ሩፒ ጥያቄ

በኤክስቴንሽን ክፍሌ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ተማሪ ነበሩ። ክፍሉ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ሴሚስተሩ ሲጀመር ቢሮዬ መጥተው፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንዳንዴ ብዘገይ ቀሪ እንዳያደርጉኝ ብለው ለመኑኝ። የሰው ቤት ሹፌር ነበሩ፤ እመቤቲቱ ገበያ ከወጡ መመለሻቸው አይታወቅም። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ይሄ በእኛ መካከል ይቅርልኝ» አሉ። የክፍሉ ልጆች፣ ጋሼ አልፎ አልፎ ይዘዋት የሚመጡት መኪና የእሳቸው ትመስላቸዋለች። ጋሼም ነው አላሉ፣ አይደለም አላሉ። እኔም «እሺ፣ ምን ችግር አለ» አልኩ።

ያን ሴሚስተር ያስተማርኩት የአራቪንድ አዲጋን «ዘ ዋይት ታይገር» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ በዚያው ዓመት የቡከር ሽልማት ያገኘውን። ባልራም ሃልዋይ የሚባል የድሃ ገጠር ልጅ የሀብታም ሹፌር ሆኖ ዴልሂ ይገባል። ጌታውን በተሰበረ የውስኪ ጠርሙስ ይገድልና 700,000 ሩፒ ይዞ ይጠፋል። ባንጋሎር ላይ የታክሲ ድርጅት ከከፈተ በኋላ ይህን ሁሉ ለቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር በጻፈው ደብዳቤ፣ በ7 ሌሊት ይተርከዋል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ተራ የመምህር ስህተት ነው። ሰሌዳው ላይ የሕንድን የዘር እርከን (ካስት) ፒራሚድ ስዬ ብራህሚን፣ ክሻትሪያ፣ ቫይሽያ፣ ሹድራ እያልኩ ወረድኩ፤ ከፒራሚዱ ውጪ «አይነኬ» ይባሉ የነበሩትን ዳሊቶች ጽፌ «የኛ ባልራም እዚህ ጋ ነው» አልኩ። የሕንድ ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጽ አይነኬነትን እንደሻረ፣ የአርቃቂው ኮሚቴ ሊቀመንበር አምቤድካር ማን እንደነበር፣ ያነበብኩትን ሁሉ አራገፍኩ። ጋሼ እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ ሃልዋይ ጣፋጭ ሠሪ ማለት ነው ይላል እኮ መጽሐፉ።» እውነታቸውን ነበር። ባልራም ዳሊት አይደለም። ሊቀጥሩት ሲሉ ዘርህ ከላይ ነው ከታች ብለው የሚጠይቁት አሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ መነሻውን እንኳ አያውቁትም። ግማሹ ክፍል በ2021 የወጣውን ፊልም አይቶ ነው የመጣው፤ መጽሐፉን ዳር እስከ ዳር ያነበቡት እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀርም። እኔ ግን «ጥሩ፣ ግን ዋናው ነጥብ እሱ አይደለም» ብዬ አለፍኩ። ፒራሚዱንም አላጠፋሁትም።

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ሩፒዋ ጠየቁ። የጌታው ወንድም ከመኪና ሲወርድ አንዲት ሩፒ ትጠፋበታለች። ያን ዕለት ጌታውና ወንድሙ የሰጡት ጉቦ ብዙ ቤተሰብ የሚያኖር ነው፤ እሱ ግን ባልራምን በጉልበቱ አንበርክኮ የመኪናውን ወለል ያስፈልገዋል። ሩፒዋ የለችም። በመጨረሻ ባልራም ከገዛ ኪሱ አንድ ሩፒ አውጥቶ፣ ያገኛት መስሎ ይሰጠዋል። «ለምን ከራሱ ሰጠ?» አሉ ጋሼ። እኔም ስለ ምጸትና ስለ ተራኪ ተዓማኒነት ትንታኔ ሰጠሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገብቷቸው ነው ብዬ ቀጠልኩ።

በልቦለዱ ውስጥ ራም ፐርሳድ የሚባል ሌላ ሹፌር አለ። ሙስሊም ነው፤ አሠሪዎቹ ሙስሊም አይቀጥሩምና ሂንዱ መስሎ ይኖራል። ባልራም በረመዳን ተከታትሎ ምስጢሩን ይደርስበታል። ሰውየው ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል፤ ባልራም አንደኛ ሹፌር ይሆናል። ይህን ክፍል ሳስተምር ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የባልራም የመጀመሪያ ግድያ ይሄ ነው ብዬ ነበር። ባገኘሁት ሐረግ በጣም ተደስቼ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ክፍሉ እንዲነቃቃ ብዬ የችሎት ድራማ አዘጋጀሁ፤ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ ተመረጠ። ተከሳሽ የሚሆን ጠፋ። «ጋሼ ይሁኑልን» አልኩ፤ «ሹፌርነቱን ከሁላችን በላይ ያውቁታል።»

አምልጦኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። ምስጢር መሆኑ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ቀልዱ ግን ጣፈጠኝ። መጀመሪያ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «መኪናዋስ?» አለ፣ ሳቁም ተከተለ። ጋሼ ተነስተው የተከሳሹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዐቃቤ ሕጉ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው «አዎ ጌታዬ» ብቻ ነበር። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም ትወናው የተዋጣላቸው መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ልጆቹ «ባልራም» ይሏቸው ጀመር። መጽሐፉ ውስጥ ባልራምን ቤተሰቦቹ «ሙና» ነው የሚሉት፤ ልጁ እንደማለት። ስም ያወጣለት አስተማሪው ነው። እኔ የነበራቸውን «ጋሼ» አሳጣኋቸው።

የማጠቃለያ ፈተናው ጥያቄ «ባልራም ለምን ገደለ?» የሚል ነበር። ጋሼ ስለ ግድያው አንድ መስመር አልጻፉም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የጻፉት ስለዚያች ሩፒ ነው። ፍለጋው የሚያበቃው ጌታው ደስ ሲለው ነው፤ ስለዚህ ባልራም የከፈለው ከጉልበቱ ለመነሳት ነው አሉ። እሳቸውም የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ በጠፋባቸው ቁጥር ከኪሳቸው እንደሚከፍሉ ጨመሩ። ወረድ ብለው ደግሞ፣ የጌቶቻቸውን ብዙ ገንዘብ በየቀኑ የሚያመላልሱት ሌሎቹ ሹፌሮች ለምን ይዘው አይጠፉም ብለው ጠየቁ። በመጽሐፉ፣ ከዴልሂው ጃማ መስጂድ ጀርባ ባለው ገበያ በሽቦ ማጎሪያ ተጨናንቀው ለማምለጥ የማይሞክሩት ዶሮዎች የተጻፉት ለዚህ ጥያቄ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ «ተምሳሌት» ብዬ በ10 ደቂቃ ያለፍኳቸው ዶሮዎች ማለቴ ነው። በቀይ እስክሪብቶ «ከጥያቄው ውጪ» ብዬ ከ20 8 ሰጠኋቸው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር አልተመዘገቡም። ምክንያቱ እኔ ልሁን፣ ክፍያው ይሁን፣ እመቤቲቱ ይሁኑ፣ አልጠየቅኩም። ወረቀቱ ግን እኔ ጋ ቀረ። ስልካቸውም የክፍሉ ዝርዝር ላይ አለ። ሁለት ጊዜ ቁጥሩን መትቼ ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ፤ ሲያነሱት መጀመሪያ የሚሉኝን አውቀዋለሁና። «አቤት፣ መምህር» ነው የሚሉኝ።