ሠራተኛው ያልተጠየቀበት ቀጠሮ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ከጀመርሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኝ ሳለ፥ አለቃችን ከስብሰባ ተመልሰው «የደመወዙ ፕሮግራም ለመስከረም 1 ቀን ይደርሳል ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ» አሉን። ያን ጊዜ ሰኔ ተጋምሶ ነበር። ሥራውን የምንሠራው አራት ሰዎች ስንሆን፥ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ከአራታችን አንዱን እንኳ የጠየቀ አልነበረም። ቤት የሚያሠራ ሰው እንኳ አናጢውን ሳያማክር ለምርቃት እንግዳ አይጠራም። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውም ከበላይ ሲታዘዙ እሺ ብለው ነው የመጡት።

እኔ ሥራው አምስት ወር እንደሚፈጅ በልቤ ዐውቅ ነበር። አፌ ግን «እሺ ጌታዬ» አለ። ይህን ትሕትና አድርጌ ቈጥሬው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ፍርሃት ነበረ።

ነሐሴ ሲገባ ሥራው እንዳልገፋ ታየና ሦስት ሰዎች ተጨመሩልን። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጉድጓድ በሰው ብዛት ቶሎ ይቈፈራል፤ ፕሮግራም ግን እንደዚያ አይደለም። አዲሶቹ የተጻፈውን እስኪረዱ ድረስ የምናስረዳቸው እኛው ስለ ሆንን፥ ይባስ ብለን ወደ ኋላ ቀረን። በአይቢኤም ኩባንያ የኦኤስ 360ን ሥራ የመራው አሜሪካዊው ፍሬድ ብሩክስ፥ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በዘገየ የፕሮግራም ሥራ ላይ ሰው መጨመር የባሰ እንደሚያዘገየው ጽፏል። እኔ ያነበብሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። አስቀድሜ ባነበውም ደፍሬ የምናገር አልመስለኝም።

ጊዜ ሲያጥር የሚቀነሰው የማይታየው ነው። ለእንግዶች የሚታየው ገጽና ቀለም አምሮ ተሠራ፤ የትርፍ ሰዓቱን ስሌት ግን ሳንፈትነው አለፍነው። ፕሮግራሙ በተቈረጠው ቀን ተመረቀ፤ ተጨበጨበልንም።

በወሩ መጨረሻ የሌሊት ዘበኞቹ የትርፍ ሰዓት ገንዘባቸው ሳይከፈላቸው ቀረ። ከነሱ አንዱ፥ ሥራ ስናመሽ በር ይከፍቱልን የነበሩ አዛውንት፥ ወደ ክፍላችን መጡ።

«ልጄ፥ በዚያ ገንዘብ ለልጆቹ ደብተር ልገዛ ነበር። የተሳሳተው ኮምፒዩተሩ ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

የተሳሳትሁት እኔ ነኝ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ያልሁት ግን «አባባ፥ በሚመጣው ወር ይስተካከላል» ነው። ይህን ስል ከጓደኞቼ አንዱንም አልጠየቅሁም። የተስተካከለው ኅዳር ላይ ነው።