ከረከቦቱ ዙሪያ የሚጀመር ትምህርት
የሳይኬዴሊክ ሕክምና በመድኃኒቱ ብቻ አይቆምም፤ የታካሚው ዝግጅት፣ የክፍሉ ብርሃንና ድምፅ፣ አብሮት የሚቀመጠው ባለሙያ፣ በኋላም የሚደረገው ውይይት የሕክምናው አካል ናቸው። ይህን ለዲዛይን ተማሪዎች ማስረዳት የሚሻ መምህር ቦንጋ ላይ ምሳሌ አያጣም። እርግጥ ቡና ሳይኬዴሊክ አይደለም፤ ካፌይን የሚያነቃቃው የድካምን ምልክት የሚያደርሰውን የአዴኖሲን መቀበያ በመዝጋት ነው። ሆኖም የተጎዘጎዘው ቄጠማ፣ ዕጣኑ፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ዝግታ ስሜትን የሚገራ ንድፍ ነው። ካፌይን በጀርመን በ1819 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ታወቀ፤ የካፋ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ የሆነው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ንጥረ ነገሩ ከተለየ ደኑ እውቅና እስኪያገኝ 191 ዓመታት አለፉ። ስለዚህ ተማሪው የሕክምና ክፍሉን ከመንደፉ በፊት ዕፅዋቱንና ሥርዓቱን ጠብቆ ያቆየው ማኅበረሰብ በንድፉ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ይጠየቅ።