ሰንቀሌ፤ የቆርኬዎች ሜዳ

ከሻሸመኔ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጓዝ መንገደኛ አጄ ከተማ ሲደርስ ወደ ደቡብ ቢታጠፍ፣ ብዙም ሳይርቅ ከሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ይደርሳል። የቦታው ስፋት 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከታላላቆቹ ብሔራዊ ፓርኮቻችን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህች ጠባብ ሜዳ ላይ የሚግጠው የቆርኬ ዘር ከኢትዮጵያ ምድር በቀር በዓለም በየትም ስፍራ አይገኝም። እኛም በዕረፍት ቀናችን ከባለቤቶቻችንና ከልጆቻችን ጋር ሆነን ሜዳውን በእግራችን ልናየው የተነሣነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዞው መሪ ያልነበረው ጉዞ ነበር ማለት ይቻላል። የመጠለያው ጠባቂ መሣሪያውን አንግቶ ከኋላችን ይከተለን ነበር እንጂ፣ በየት እንሂድ፣ የት እንቁም የሚለውን የመረጥነው ራሳችን ነን። ዱካ ማንበብ፣ ነፋሱን በፊት መቀበል፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ከግራር ጥላ ወደ ግራር ጥላ ቀስ ብሎ መሻገር፤ ወታደር ለቅኝት የተማረው ሁሉ በሰላም ቀንም እንደሚያገለግል በዚያ ጠዋት ተረዳን። ሆኖም የመጀመሪያውን መንጋ ያየነው እኛ የጦር ሜዳ መነጽር የያዝነው አይደለንም፤ ሕፃን ያዘለችው እኅታችን ናት።

በኩይሳ አናት ላይ አንድ ወንድ ቆርኬ ቆሟል። ፊቱ ረዥምና ጠባብ ነው፤ ቀንዶቹ ወደ ጎን ተለጥጠው ወደ ላይ ይታጠፋሉ፤ ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ ነው፤ ጠጉሩም እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል። ከበታቹ እንስቶቹና ግልገሎቹ ይግጣሉ። ከኩይሳው ላይ ሆኖ ግዛቱን የሚቃኘው ይህ ወንድ እንደ ዘብ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ በአፍንጫው እፍ አለ፤ ያን ጊዜ መንጋው በሙሉ አንገቱን አቀና። ቀጥሎም እንደ ሠለጠነ ጭፍራ በሰልፍ ተያይዞ ወደ ሜዳው መካከል ሮጠ።

ይህ እንስሳ በውጭ አገር መጻሕፍት «የስዌይን ቆርኬ» ተብሎ ይጠራል። ስዌይን የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ መኮንን ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሶማሌ ምድር ሲዘዋወር ሜዳ የሸፈኑ የቆርኬ መንጋዎችን አይቷል። ዛሬ በሶማሊያ አንድም አልቀረም። ለዚህ ጥፋት ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱን አያቶቻችን በሚገባ ያውቁታል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችንን ከብት የፈጀውና ሕዝቡን በክፉ ቀን ረሃብ የጣለው የከብት ደስታ በሽታ ገበሬውን በሬ እንዳሳጣው ሁሉ የዱር እንስሳቱንም አረገፈ። ከበሽታው የተረፉትን ደግሞ ጠመንጃና ሞፈር ተከተሏቸው።

የሰንቀሌ መጠለያ የተቋቋመው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚያን ጊዜ በሜዳው ከ2000 በላይ ቆርኬዎች ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. የተወሰኑት ተይዘው ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሣር ቢዛወሩም እንደ ታሰበው አልበዙም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ ጥበቃው ላላ፤ የብዙዎቹም ደም ፈሰሰ፤ መንጋው ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ። የተረፉት ግን ተዋልደው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተደረጉ ቆጠራዎች ቁጥራቸው ወደ 800 ገደማ ደርሷል። ከሰንቀሌ ሌላ ተስፋ የሚጣልበት መንጋ ያለው በ1997 ዓ.ም. በተቋቋመው በማዜ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ከቀትር በፊት ወደ መጠለያው ዳር ስንደርስ የአካባቢው ሰው ከብቶች ከድንበሩ ባሻገር ሲግጡ አየን። ላምና ቆርኬ የሚሹት ያንኑ ሣር ነው። ከባለቤቶቻችን አንዷ በገበሬ ቤት ያደገች ስለሆነች፣ «በበጋ ላሚቱ ስትከሳ ልጅም ወተት ያጣል፤ በዚህ ጊዜ ለቆርኬ ማን ይራራል?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። ጥያቄዋ እውነተኛ ነውና። ድንበሩን በጠመንጃ ብቻ መጠበቅ እንደማይበቃ፣ አጠገቡ የሚኖረው ቤተሰብም ከመጠለያው የሚያገኘው ጥቅም ሊኖር እንደሚገባ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ንግግር አልሰማንም።

ሆኖም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ያ የከብት ደስታ በሽታ በክትባትና በብዙ አገሮች ትብብር በ2003 ዓ.ም. ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታውጇል። ከሦስቱ ጠላቶች አንዱ፣ ያውም ከሁሉ የከፋው፣ ድል ሆኗል። የቀሩት ሁለቱ፣ ጠመንጃና ሞፈር፣ በሰው እጅ ያሉ ናቸው፤ በሰው እጅ ያለውን ደግሞ ሰው ሊገታው ይችላል።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ወደዚያ ለመሄድ ያሰባችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ በማለዳ ተነሡ፤ ደማቅ ልብስ አትልበሱ፤ ለልጆቹ ውኃና ቆሎ ያዙላቸው፤ የስንቁን መጠቅለያም ይዛችሁ ተመለሱ። መንጋውን ባያችሁ ጊዜ ለመቅረብ አትቸኩሉ፤ ባላችሁበት ተቀመጡ። በኩይሳው ላይ የቆመው ዘብ አይቷችሁ፣ መርምሯችሁ፣ እንደማትጐዱት ተረድቶ ተመልሶ ሣሩን መጋጥ ሲጀምር፣ ጠመንጃ ላነገተ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ክብር አይገኝም።