ኪስ ውስጥ ያለ ጠመኔ

ፑል ቤት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሥራ ፈትነት፣ ጭስና ቁማር ነው። ስጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅም እዚያ ይገኛል።

ከሥራ በኋላ ለአንድ ሰዓት የሚመጣውን ሰው ልብ ብሎ ያየ ግን ሌላ ነገር ያያል። ኪሱ ውስጥ የራሱ ጠመኔ አለ። ግድግዳ ላይ የተደገፉትን ዱላዎች ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ ያልተጣመመውን ይመርጣል። ጫፉን ይቀባል፣ ይተነፍሳል፣ ያነጣጥራል።

ጠመኔው ለጉራ አይደለም። ስሙ ጠመኔ ይባል እንጂ ከጥቁር ሰሌዳው ይለያል፤ አሜሪካዊው ተጫዋች ዊሊያም ስፒንክስና ዊሊያም ሆስኪንስ እ.ኤ.አ. በ1897 የፈጠራ መብት ያገኙበት፣ ሲሊካ ያለበት ውህድ ነው። ያልተቀባ የቆዳ ጫፍ ኳሷን ከመሐሏ ውጭ ሲመታ ያንሸራትታል። የተሸነፈ በሚከፍልበት ቤት ደግሞ አንድ መንሸራተት ብር ነው።

ትልቁ ሥርዓቱ መጨረሻ ላይ ነው፦ ለጨዋታ የመደባት ብር ስታልቅ ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ ይወጣል። «አንድ ብቻ እንድገም» ቢሉትም አይመለስም።

ቤቱን በጅምላ ማሸግ ይቀላል። «በቃኝ» ብሎ የሚወጣ ሰው ግን በወጣቱ ፊት መታየት አለበት፤ ልጅ ማቆምን የሚማረው አይቶ ነው።