ስለ አሮጌ መኪና ጥገናና ስለ አባትነት

አባትና ልጅ ባንድነት የሚሠሩት ሥራ ለቤት ሰላም እንደሚያመጣ ብዙ ጊዜ ሰምቼ ነበር፤ ነገር ግን በጆሮ የሰሙት ነገር በእጅ ካልዳሰሱት ልብ አይገባምና፥ እኔም ይህን የተማርሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፥ እጄ በጥቁር ዘይት ተነክሮ፥ ከአንዲት አሮጌ መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። የደረሰብኝን ለመጻፍ የተነሣሁትም በእጄ ሥራ ለመመካት አይደለም፤ ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች ከስሕተቴ ጥቂት ትምህርት ቢያገኙ ብዬ ነው እንጂ።

መኪናይቱ በ1966 ዓ.ም. የተሠራች ላንድሮቨር ናት። አባቴ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ በሐራጅ ገዝተዋት እህልና ሰው ሲያመላልሱባት ኖሩ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ግን በግቢያችን በቆርቆሮ ዳስ ሥር ሰባት ዓመት ቆመች። ጎማዎቿ ተንፍሰው ቸርኬዋ መሬት ነካ፤ በኋላ መቀመጫዋ ላይ ዶሮ እንቁላል ጣለች። ባለቤቴም «ይህን ብረት ለቆራሌው ሸጠህ በቦታው ጎመን እንትከልበት» ትለኝ ነበር። እኔ ግን የአባቴ እጅ ያረፈበትን መሪ ለመሸጥ ልቤ እንቢ አለኝ።

የዚህች መኪና ዘር በዓለም የታወቀ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የብረት እጥረት ስለ ነበረ፥ ሠሪዎቹ አካሏን ከአሉሚኒየም ቅይጥ አበጁት፤ የመጀመሪያይቱም በ1940 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአምስተርዳም ከተማ ለሕዝብ ታየች። ስለዚህ ከላይ የሚታየው አካሏ እንደ ብረት አይዝግም፤ ዳሩ ግን አካሏን የሚሸከመው ሻንሲ ብረት ነው። ይኸውም 2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ካለው ላሜራ እንደ ረጅም ሣጥን ተበይዶ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ጭቃና ውሃ በቀዳዳው ገብቶ በውስጡ ይተኛል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። አሉሚኒየሙና ብረቱ በሚገናኙበትም ስፍራ እርጥበት ያገኛቸው እንደ ሆነ፥ አሉሚኒየሙ እየነጣ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ከውጭ ደኅና የሚመስል፥ ከውስጥ ግን የተበላ ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያታልል በዚህ ተረዳሁ፤ ይኸው ነገር በገዛ ቤቴም እንዳለ ያየሁት ግን በኋላ ነው።

የበኩር ልጄ በዚያን ጊዜ 16 ዓመቱ ነበር። በትምህርቱ ደክሞ ነበር፤ ከእኔም ጋር የሚነጋገረው «እሺ» እና «አይ» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ሆኖ ነበር። እኔ የምኖረው በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰውን ቃል መመዝገብ፥ የጎደለውን መሙላት፥ የተሳሳተውን ማረም ሥራዬ ስለ ሆነ፥ ማታ ቤቴ ስገባ ልጄንም እንደ መዝገብ አርመው ነበር። ደብተሩን እገልጣለሁ፤ ስሕተቱን እቆጥራለሁ፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ይሰማኛል። አንድ ቅዳሜ ግን የመኪናይቱን ኮፈን ከፍቼ ስመለከት ከኋላዬ መጥቶ ቆመና፥ ሳልጠይቀው ካቻቢቴውን አቀበለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ የእኔና የእሱ ሆነ።

ይህን ያዩ አማቴ እጅግ አዘኑ። «ዳዊት የደገመ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፥ በዳኞች ፊት የሚቀመጥ ሰው እንዴት ቀጥቃጭ ይሆናል? ልጁንስ ስለ ምን ያበላሸዋል?» አሉ። በአገራችን ብረት ሠሪውን «ቡዳ»፥ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ» እያሉ ማዋረድ የቆየ ክፉ ልማድ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እኔም በትሕትና መልስ ሰጠኋቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. እንደ ሆነ፥ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊም አውቶሞቢሉን አዲስ አበባ ያገባው በዚያው በ1900 ዓ.ም. እንደ ሆነ ነገርኋቸው። «እንግዲህ መኪናውም የሚጠግነውን ሰው የሚያስከብረውም አዋጅ ባንድ ዓመት መጥተዋል» አልሁ። አፄ ቴዎድሮስም በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ወንጌል ሊሰብኩ በመጡ ሚሲዮናውያን ባለእጆች እንደ ነበረ ጨመርሁላቸው። አማቴም ጥቂት አሰቡና «አዋጁንስ ሰማሁ፤ ልብሳችሁን የሚያጥበው ግን ማን ነው?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

ሥራውን የጀመርነው ከሞተሩ ነው። በታንከሯ ውስጥ የቆየው ቤንዚን እንደ ሙጫ ረግቶ ስለ ነበረ፥ ታንከሩን አውርደን አጠብን፤ ካርቡራቶሩንም ፈትተን የደቃቅ ቀዳዳዎቹን ቆሻሻ በአየር ነፋን። የጎደለውን ዕቃ ፍለጋ ወደ መርካቶ እየወረድን በሶማሌ ተራ ዞርን። ሞተሩ ቢነሣም አንካሳ እንደ ሆነ ፈረስ እየተንገጫገጨ ይጠፋብን ነበር። እኔ ካርቡራቶሩን ስወቅስ ሁለት ቅዳሜ አለፈ። በሦስተኛው ልጄ የካንዴላዎቹን ገመዶች አንድ በአንድ ተከትሎ ሁለቱ መለዋወጣቸውን አገኘ፤ የዚህ ሞተር አራቱ ሲሊንደሮች እሳት የሚያገኙት በ1፥ በ3፥ በ4፥ በ2 ተራ ነውና። ባስተካከለው ጊዜ ሞተሩ በደኅና ዞረ፤ ዶሮዎቹም ከዳሱ በረው ወጡ። ልጄ ተራውን በግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈው፤ እስከ ዛሬም አልጠፋም።

ቀጥሎ የሻንሲው ጥገና መጣ፤ ይህም ያለ ብየዳ የማይሆን ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሰፈራችን ካለ አንድ በያጅ ዘንድ እየቆመ ይማር ጀመር። ሁለት ቁራጭ ላሜራ ይበይዳል፤ በሞርሳ አስሮ በመዶሻ ያጥፈዋል፤ በመጋጠሚያው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ጥሎ ሌላ ይጀምራል። እኔ ግን መጽሐፍ ማንበብ የሚበቃኝ መስሎኝ ይህን ሁሉ ቁራጭ ለማበላሸት ትዕግሥት አልነበረኝም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በእንጨት ሥራ ክፍል ሞረድና መጋዝ መያዝን ተምሬ ስለ ነበረ፥ ብረትም እንደ እንጨት የሚታዘዝ መሰለኝ።

የኋላውን የግራ ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ብረት በዝገት ተበልቶ ነበር። የአባቴ መኪና ናትና ይህን ራሴ ልበይደው ብዬ ቆረጥሁ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ባለቤቴም በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ትጋግር ነበር። ልጄ ቀረብ ብሎ «አባዬ፥ እማዬ ስትጋግር ኃይሉ ይወርዳል፤ ብረቱም በደንብ አይቀልጥም። ዝገቱም ገና አልጠራም። ምጣዱ እስኪያበቃ እንቆይ» አለኝ። ሁለት ጎረቤቶች ቆመው ይመለከቱ ነበርና አፈርሁ፤ ስላፈርሁም ተቆጣሁ። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው!» አልሁት። ጎረቤቶቼ ሣቁ። ልጄ ግን የያዘውን የፊት መከላከያ በቀስታ መሬት ላይ አኖረና ወደ ቤት ገባ። ለአማቴ ስለ ምኒልክ አዋጅ የተናገርሁት እኔው፥ ያንኑ የተከለከለ ስድብ በገዛ ልጄ ላይ አወጣሁ።

ብየዳውን ብቻዬን ጨረስሁ። ከላይ ሲያዩት እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ያማረ ነበር። በማግሥቱ ቀለም ቀባሁበት።

ከጥምቀት በኋላ እናቴን ለመጠየቅ ቤተ ሰቤን ይዤ ወደ ደብረ ሲና ተነሣሁ። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጥቂት እንደ ተጓዝን፥ በአንድ በተቦረቦረ ስፍራ ላይ እንደ ጠመንጃ ተኩስ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ መኪናይቱም በግራ በኩል ዘፍ ብላ ወደ ጎን ትጎትተኝ ጀመር። በዝግታ እሄድ ነበርና ፍሬን ይዤ አቆምኋት። ወርጄ ባይ እኔ የበየድሁት ብረት ከነቀለሙ ተገንጥሎ፥ የኋላው አክስል ከስፍራው ፈቀቅ ብሏል። የጣርማ በር ዋሻና ከእሱ ቀጥሎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ገና ከፊታችን ነበር። ባለቤቴ ታናሺቱን ልጃችንን እንዳቀፈች ወደዚያ አቅጣጫ ተመለከተች፤ ቃልም አልተናገረችም። እኔም በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

ባሌስትራውን በእንጨት ደግፈን በሰንሰለት አሰርንና በእግር እንደሚሄድ ሰው እያዘገምን ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስን። በዚያ ያገኘነው በያጅ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነበር። የተገነጠለውን ብረት አገላብጦ አየና በመዶሻ መታ መታ አደረገው። «ጋሼ፥ ይህ ሰው ብረቱን አላቀለጠውም፤ ላዩን ቀባው እንጂ ሥር አልያዘም። ዝገቱም ከሥሩ እንዳለ ነው። ማን ነው የሠራላችሁ?» አለኝ።

ልጄ መሬት መሬቱን አየ። ሊያጋልጠኝ አልፈለገም። በችሎት ለብዙ ዓመታት ስቀመጥ «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ቃል ከሌሎች አፍ እየሰማሁ በቀለም ጽፌዋለሁ፤ በቤቴ ግን አንድ ቀን እንኳ ከአፌ አልወጣም ነበር። አባቴም ለእኔ ብለውኝ አያውቁም። የአባት ክብር ባለመሳሳት የሚጠበቅ ይመስለን ነበርና። አሁን ግን ዝም ብል ልጄ የእኔን ሐሰት ተሸካሚ ሊሆን ነው። ስለዚህ «የሠራሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ወደ ልጄም ዘወር ብዬ «የተናገርኸው ሁሉ እውነት ነበረ። በሰው ፊት ሰደብሁህ፤ እናትህንና እኅትህንም ለሞት አቀረብኋቸው። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት።

ልጄ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም የተገነጠለውን ብረት አንሥቶ እያየ «ቀለም ሳንቀባው በፊት በመዶሻ መሞከር ነበረብን» አለ። «ነበረብህ» አላለኝም። ያን ቀን የሰማሁት ይቅርታ ይህ ነው።

በያጁም ልጄን አጠገቡ አቁሞ ሥራውን አሳየው። የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጠው ደኅና ብረት እስኪያገኙ ድረስ አወጡ፤ ዳሩን እስኪያበራ ሞርደው አጸዱ፤ የባትሪውን ገመድ ፈቱ፤ የቤንዚኑን ታንከር አወረዱ፤ ውሃና አሸዋ በአጠገባቸው አኖሩ። አዲሱን ብረት አስቀድመው በነጥብ በነጥብ ያዙት፤ ከዚያም ሙቀቱ ብረቱን እንዳያጣምመው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እያፈራረቁ በየዱት፤ በየመካከሉም ቅርፊቱን አንኳኩተው ሥሩን ተመለከቱ። የመጨረሻውን ጥቂት ክፍል በያጁ ለልጄ ተወለት። በዚያ መንገድ ወደ እናቴ ደረስን፤ በሰላምም ተመለስን።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሥራ በግቢው ሊጀምር ለሚያስብ ሰው ጥቂት ምክር ልስጥ። ያለ ጥቁር መስተዋት የብየዳን እሳት አትመልከት፤ ሕፃናትንም አታስጠጋ፤ ዐይን የሚቃጠልበት ሕመም የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ነውና። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ትኩሳትና ብርድ ያመጣልና ቀለሙን አስቀድመህ አስወግድ፤ በተዘጋ ቤትም አትሥራ። በቁራጭ ብረት ላይ ሞክረህ፥ አጥፈህና ሰብረህ ሳታይ፥ የሰው ሕይወት በሚሸከም ክፍል ላይ እጅህን አታንሣ፤ ፍሬንን፥ መሪንና ባሌስትራን የሚመለከተውንም ሥራ ለሚያውቅ ሰው ሳታሳይ ወደ መንገድ አትውጣ። ከሁሉም በላይ፥ ልጅህ አንድ ነገር ሲነግርህ ዕድሜውን ሳይሆን ነገሩን መርምር።

አሁን ልጄ 19 ዓመቱ ነው፤ የብረታ ብረት ሙያ እየተማረ ነው። በቤታችንም አንድ ሕግ ወጥቷል፤ ምጣዱ ሲሞቅ ብየዳ የለም። አማቴ ባለፈው ዓመት የግቢ በራቸው ማጠፊያ ተሰብሮ ልጄን አስጠሩት። ሠርቶ ሲጨርስ በመዶሻ መታ መታ አደረገና «እማማ፥ እስቲ ግፉት» አላቸው። እሳቸውም ገፍተው አዩና መረቁት። እኔ በአጠገቡ ቆሜ ነበርሁ፤ የምይዘውም ካቻቢቴውን ነበር።